«ብሬክስሩ»ን ስናይ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

«ብሬክስሩ» (Breakthrough) በእውነተኛ ታሪክ ላይ የተመሠረተ ፊልም ነው፤ ታሪኩን ለማታውቁት ባጭሩ ልንገራችሁ። ጥር 2015 እ.ኤ.አ.፣ አሜሪካ፣ ሚዙሪ ግዛት። አንድ የ14 ዓመት ልጅ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር በረዶ የሠራ ሐይቅ ላይ ሲጫወት በረዶው ከሥራቸው ተሰበረ። ጓደኞቹ ተረፉ፤ እሱ ግን 15 ደቂቃ ያህል ውሃ ውስጥ ቆየ። ሆስፒታል ሲገባ ልቡ አይመታም። ሐኪሞቹ ተስፋ ሊቆርጡ ሲሉ እናቱ ገብታ እየጮኸች ጸለየች፣ የልቡ ምትም ተመለሰ። ከ16 ቀን በኋላ በእግሩ ሄዶ ከሆስፒታል ወጣ። ሮክሳን ዳውሰን ያዘጋጀችው ፊልም በ2019 ወጣ፤ እናቲቱን ሆና የምትጫወተው ክሪሲ ሜትዝ ናት።

እኔ ይህን ፊልም ከልቤ እወደዋለሁ፣ ባየሁት ቁጥር ያስለቅሰኛል። ከአዳራሽ ስንወጣ የምንናገረው ነገር ግን ብዙ ጊዜ ያሳስበኛል።

የመጀመሪያው ስህተት ጸሎትንና ሕክምናን ማጣላት ነው። «ሐኪሞች አቅቷቸው እግዚአብሔር ሠራ» እንላለን። ግን እናቲቱ ከመድረሷ በፊት የነፍስ አድን ሠራተኞቹ ልጁን ከውሃ አውጥተውታል፣ ደረቱን እየተጫኑ ሕይወቱን ለማትረፍ ሲታገሉ ቆይተዋል። ከዚያ በኋላም ለቀናት በመሣሪያ እየታገዘ ነው የተነፈሰው። ውሃው በረዶ መሆኑም ራሱን የቻለ ነገር ነው፤ ሰውነት በጣም ሲቀዘቅዝ አንጎል የሚፈልገው ኦክስጅን ይቀንሳል። በ1999 ኖርዌይ ውስጥ አና ቦገንሆልም የምትባል ስዊድናዊት ሐኪም 80 ደቂቃ በረዶ ሥር ተይዛ፣ የሰውነቷ ሙቀት 13.7 ዲግሪ ደርሶ ተርፋለች። ይህን ማወቅ እምነቴን አልቀነሰብኝም፤ የእግዚአብሔር እጅ በብዙ መንገድ እንደሚሠራ ነው ያሳየኝ። ፊልሙን አይቶ «እኔም በእምነት» ብሎ የስኳር ወይም የደም ግፊት መድኃኒቱን የሚያቆም ሰው ካጋጠማችሁ፣ እባካችሁ ዝም አትበሉት። እናቲቱም ብትሆን ሕክምናውን አልናቀችም። ሐኪሙን የለመነችው የሚችለውን ሁሉ እንዲያደርግ ነው።

ሌላው፣ ልጁ ሰማይን አይቶ መጣ ብሎ ማውራት። ፊልሙ እንዲህ ያለ ጉዞ አያሳይም። የምናወራውን ብንጠነቀቅ መልካም ነው፤ ልጁ በሰመጠበት በዚያው ወር፣ በልጅነቱ ሰማይ ደርሶ እንደተመለሰ የተጻፈለት ሌላ አሜሪካዊ ወጣት ነገሩ እውነት እንዳልሆነ በራሱ አንደበት ተናግሮ መጽሐፉ ከገበያ ተነሥቷል። ያልተባለ ነገር እየጨመርን ስናወራ እውነተኛውንም ምስክርነት እናስጠረጥራለን።

ተአምሩን ብቻ ጠብቆ ሌላውን መዝለልም አለ። ልጁ ከጓቲማላ በማደጎ የመጣ ነው፣ «የወለደችኝ እናቴ ለምን ተወችኝ» የሚል ቁስል አለበት። እናቲቱም ወጣቱን ፓስተር የፀጉር አቆራረጡን እንኳ አትወድለትም ነበር፣ በጭንቀቷ ቀን ግን አጠገቧ የተቀመጠው እሱ ነው። ለእኔ ይህ ከሐይቁ ትዕይንት አያንስም።

ከሁሉም የከፋው ስህተት ግን ሌላ ነው። አንድ ጊዜ በቤት ለቤት የጸሎት ፕሮግራማችን ፊልሙን አብረን አየን። ሲያልቅ አንዱ ወንድም ተነሥቶ፣ «አያችሁ፣ እናት አጥብቃ ከጸለየች ልጅ አይሞትም!» አለ። ከኋላ ልጇን የቀበረች እህት ተቀምጣ ነበር። እሷም ጸልያለች፤ ጾማ፣ ሆስፒታል ወለል ላይ ተኝታ፣ ድምጿ እስኪዘጋ ጸልያለች። ምንም አላለችም። ነጠላዋን ሰብስባ ወጣች።

ፊልሙ ራሱ እኮ እንዲህ አይልም። ልጁ ትምህርት ቤት ሲመለስ ባሏ የሞተባት መምህርት አንተ ለምን ተረፍክ፣ የእኔ ሰው ለምን ቀረ ብላ ትጠይቀዋለች። መልስ የለውም። ፊልሙም መልስ ሊሰጣት አይሞክርም።

ከዚያ ወዲህ ፊልሙን ለሰው ከማሳየቴ በፊት ማን እንደሚመጣ እጠይቃለሁ። ሐዘንተኛ ካለ አስቀድሜ ደውዬ ታሪኩ ስለምን እንደሆነ እነግረዋለሁ፤ ልምጣ ካለ አጠገቡ እቀመጣለሁ። ሲያልቅ ለማስተማር አልነሣም። ያቺ እህት ባለፈው ዓመት ለሁለተኛ ጊዜ አብራን አየችው፣ የመምህርቷ ትዕይንት ላይ እጄን ያዘች፣ እስኪያልቅም አልለቀቀችውም።