የቤተሰብን የእርሻ መሬት ከውጭ ሆኖ ስለ መጠበቅ

ውጭ አገር የሚኖር ሰው ስለ ቤተሰቡ የገጠር መሬት ሲጠይቅ ብዙውን ጊዜ የሚያነሣው «የአባቴን መሬት እንዴት በስሜ ላዛውር?» የሚለውን ነው። ከዚያ በፊት ግን መሬቱን ዛሬ የሚያርሰው ማን እንደሆነና የይዞታ ደብተሩ በማን ስም እንደተመዘገበ መታወቅ አለበት። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬት የማይሸጥና የማይለወጥ የጋራ ሀብት መሆኑን ሲደነግግ፣ ለአርሶ አደሩ ደግሞ መሬት በነፃ የማግኘትና ከይዞታው ያለመነቀል መብት ሰጥቶታል። በቤተሰብዎ እጅ ያለው እንግዲህ የመጠቀም መብት ነው፤ መብቱም በግብርና ከሚተዳደር ሰው ጋር የተያያዘ ነው።

ውርስም የሚታየው ከዚሁ አንጻር ነው። በ1997 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 456 ባለይዞታው የመጠቀም መብቱን ለቤተሰቡ አባል እንዲያወርስ ሲፈቅድ፣ የቤተሰብ አባል የሚለው ከባለይዞታው ጋር በቋሚነት የሚኖርንና መተዳደሪያውን የሚጋራን ሰው ነበር። ይህ አዋጅ በ2016 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1324 የተተካ ሲሆን፣ ዝርዝሩን ክልሎች በየራሳቸው ሕግ ስለሚወስኑ የአንዱ ክልል አሠራር ለሌላው አይሠራም። ዜግነታቸውን የለወጡ ሰዎች በአዋጅ ቁጥር 270/1994 መሠረት የሚያገኙት የትውልደ ኢትዮጵያዊነት መታወቂያ ያለ ቪዛ ለመግባትና ያለ ሥራ ፈቃድ ለመሥራት ቢጠቅምም፣ ለአርሶ አደር በነፃ የሚሰጠውን መሬት የመያዝ መብት ይሰጣል ብሎ ማሰብ ስሕተት ነው። በእኔ እምነት፣ ወላጆችን እየጦረ መሬቱን የሚያርስ ወንድም ወይም እኅት ካለ፣ ውጭ ያለው ልጅ ስሙን ለማስገባት ከመከራከር ይልቅ የዚያ ሰው መብት በሕግ በተፈቀደው መንገድ እንዲመዘገብ ቢያግዝ ለመሬቱም ለቤተሰቡም ይበጃል።

ደብተሩን በስልክ ፎቶ አንሥተው እንዲልኩልዎ ይጠይቁና በጥንቃቄ ያንብቡት። እናትዎ የጋራ ባለይዞታ ሆነው ስማቸው ሰፍሯል? የእያንዳንዱ ማሳ ስፋትና በአራቱም ማዕዘን ያሉት አዋሳኞች በትክክል ተጽፈዋል? አባት ካረፉ በኋላ ስሙ ሳይዛወር የቀረ ደብተር፣ ወይም ማሳውን ለቀው የሄዱ ሰዎችን እስካሁን በአዋሳኝነት የሚጠቅስ ደብተር፣ ድንበር የተገፋ ዕለት ለክርክር በር ይከፍታል። በሁለተኛ ደረጃ ልኬታ፣ ማለትም እያንዳንዱ ማሳ ተለክቶ በካርታ በሚሰፍርበት ምዝገባ፣ የተሰጠ ሰነድ ካርታና የማሳ መለያ ቁጥር ስላለው የተሻለ ማስረጃ ነው። ያም ቢሆን በቤት ያለው ደብተርና በወረዳው መሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ያለው መዝገብ አንድ መሆናቸውን ቤተሰቡ ሄዶ ማመሳከር ይኖርበታል።

ከሁሉ ይበልጥ መብት የሚጠፋው በቃል ስምምነት ነው። አቅም ያነሳቸው ወላጆች መሬታቸውን ለእኩል ወይም ለሲሶ ይሰጣሉ፤ ሲቸግራቸውም ገንዘብ ተበድረው አበዳሪው ብሩ እስኪመለስለት ድረስ ማሳውን እያረሰ እንዲጠቀም በወለድ አገድ ያስይዙታል። በወለድ አገድ የተያዘ መሬት ዕዳው በቆየ ቁጥር ምርቱ ሁሉ ለአበዳሪው ስለሚሆን፣ ወላጆች ዕዳውን የሚከፍሉበትን ምርት ራሱን ያጣሉ። ወደ ቤት የሚላክ ገንዘብ ከማንኛውም ግንባታ በፊት ይህን ዕዳ ቢዘጋ፣ ክፍያውም በጽሑፍና በምስክር ፊት ቢፈጸም መልካም ነው። ብድር የግድ ካስፈለገም አዋጅ ቁጥር 1324 የመጠቀም መብትን ለገንዘብ ተቋም በዋስትና ለማስያዝ የሚያስችል መንገድ ከፍቷል።

ኪራይ ከሆነ ውሉ በጽሑፍ ይሁን፤ በመሬቱ የመጠቀም መብት ያላቸው የቤተሰቡ አባላት ሁሉ ይስማሙበት፤ በመሬት አስተዳደር በኩልም ይመዝገብ። የሚዘራው የሰብል ዓይነት፣ የኪራዩ ማብቂያ ቀን፣ እንዲሁም ተከራዩ ባሕር ዛፍ ወይም ሌላ ቋሚ ተክል እንዳይተክል የሚል ቃል በግልጽ ይግባበት። ዛፍ የተከለ ሰው ውሉ ሲያልቅ ለዛፉ ግምት ሊጠይቅ ስለሚችል መሬቱን መልሶ መረከብ አስቸጋሪ ይሆናል። መሬትን ጦም ማሳደርም አደጋ አለው፤ የክልል ሕጎች ለተከታታይ ዓመታት ሳይታረስ የቀረን መሬት መብት ለማቋረጥ ምክንያት ያደርጉታልና በሚመለከተው ክልል የተቀመጠውን የጊዜ ገደብ አስቀድሞ መጠየቅ ይገባል።

በራስዎ ስም የተመዘገበ ይዞታ ካለዎትና ወኪል ካስፈለገ፣ በኤምባሲ የሚፈረመው ውክልና በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ተረጋግጦ አገር ቤት ሥራ ላይ ይውላል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ጠቅላላ ውክልና የተሰጠው ሰው የአስተዳደር ሥራዎችን ብቻ መሥራት እንደሚችል ይደነግጋል፤ ከእነዚህም አንዱ ከሦስት ዓመት ለማይበልጥ ጊዜ ማከራየት ነው። ከዚያ ላለፈ ሥራ ልዩ ውክልና ያስፈልጋል። ስለዚህ ሰነዱ ላይ የማሳውን መለያ፣ የተፈቀደውን ተግባርና የኪራዩን ዘመን ዘርዝሮ ማስገባት ወኪሉንም ወካዩንም ከጭቅጭቅ ያድናል። ወላጅ ለልጅ የሰጠው ውክልና ሌላ ስምምነት ከሌለ በወላጁ ሞት የሚያበቃ በመሆኑ፣ ከዕረፍታቸው በኋላ በዚያ ወረቀት ማከራየትና መፈራረም መቅረት አለበት፤ የሚቀጥለው እርምጃ የወራሽነት ማረጋገጫ ከፍርድ ቤት አውጥቶ ወደ ወረዳው መሬት አስተዳደር መሄድ ነው።