የጃፓን የወረቀት ጃንጥላ አሠራር፦ ከቀርከሃው ስንጥር እስከ ተልባው ዘይት

በጃፓን «ዋጋሳ» የሚባለው የወረቀት ጃንጥላ ከቀርከሃ፣ ከወረቀት፣ ከክርና ከጥቂት እንጨት የሚሠራ ሲሆን፣ በአሁኑ ጊዜ በብዛት የሚመረተው በጊፉ ከተማ፣ በተለይም ካኖ በተባለው ሰፈር ነው። በዚያ ቀርከሃውን የሚሰነጥቀው፣ ወረቀቱን የሚለጥፈውና ዘይት ቀብቶ የሚጨርሰው የተለያየ ባለሙያ ነው። ሁሉንም ብቻዎን ለመሞከር ካሰቡ ግን «ሮኩሮ» የሚባሉትን ሁለት ጥርሳም የእንጨት ቀለበቶች ተሠርተው ቢገዙ ይሻላል።

ረጃጅሞቹ ስንጥሮች በሙሉ ከአንድ አገዳ መውጣት አለባቸው። ከመሰንጠቅዎ በፊት በአገዳው ዙሪያ ዘመም ያለ መስመር ያስምሩበት፤ ስንጥሮቹ በነበሩበት ተራ ካልተገጠሙ ጃንጥላው ሲዘጋ ወደ ቀድሞው ክብ ቅርጹ አይመለስም። ረጃጅሞቹን ከላይኛው ሮኩሮ፣ አጫጭሮቹን በዘንጉ ላይ ከሚንሸራተተው ከታችኛው ጋር በክር ካያያዙ በኋላ፣ አጭሩን ከረጅሙ ያጋጥሙ።

ቀጥሎ ጃንጥላውን ዘርግተው በስንጥሮቹ መካከል ያለውን ርቀት እኩል ያድርጉና ጫፎቹን በቀጭን ወረቀት ዙሪያውን ያያይዙ። ለሽፋኑ የሚመረጠው ኮዞ ከሚባለው ተክል ልጥ በእጅ የተሠራ ወረቀት ነው፤ ቃጫው ረጅም በመሆኑ ደጋግሞ ቢታጠፍም ቶሎ አይቀደድም። ከካሳቫ ስታርች የተሠራውን ሙጫ በስንጥሮቹ ጀርባ ላይ ስስ አድርገው ይቀቡና ወረቀቱን ሳይጨማደድ ይለጥፉ።

ትዕግሥት የሚፈልገው ማጠፉ ነው። በተለመደው ጃንጥላ ጨርቁ ወደ ውጭ ሲንዘረፈፍ፣ በዋጋሳ ግን ወረቀቱ በየሁለቱ ስንጥሮች መካከል ወደ ውስጥ ይገባል። እያንዳንዱን እጥፋት በቀርከሃ ማንኪያ ጀርባ ወይም በመሰል ለስላሳ መሣሪያ እየተጫኑ ያስገቡ፤ የመጀመሪያው እጥፋት ከተጣመመ ጎረቤቱንም ይዞ ይጣመማል፣ በኋላም አይስተካከልም። አጥፈው ሲጨርሱ ወረቀቱ ቅርጹን እንዲይዝ በቀለበት አጥብቀው ያቆዩት።

ውኃ የሚከለክለው ዘይቱ ነው። ጨርቅ በተልባ ዘይት ነክረው ወረቀቱን እኩል ይቀቡትና ዘርግተው ፀሐይ ላይ ያድርቁት፤ ያልደረቀ ጃንጥላ ከተዘጋ ወረቀቱ እርስ በርሱ ይጣበቃል። ዘይት የነካውን ጨርቅም ጠቅልለው አያስቀምጡ፤ በራሱ ሊቀጣጠል ስለሚችል ውጭ ዘርግተው ያድርቁት። በመጨረሻም የጃንጥላውን አናት ውኃ እንዳይገባበት በዘይት ወረቀት ይሸፍኑት።

ዝናብ ካገኘው በኋላ ጥላ ሥር ገርበብ አድርገው ያድርቁት፤ ሲያስቀምጡትም አናቱ ወደ ላይ፣ መያዣው ወደ ታች ይሁን።