ጆርጂያ፣ ጉዊኔት ካውንቲ ውስጥ ለአዲስ ቤት ከመፈረማችሁ በፊት

ከክላርክስተን አፓርታማ ወጥቶ ላውረንስቪል፣ ስኔልቪል ወይም ዳኩላ ቤት ለመግዛት ያሰበ ሁሉ የሚጠይቀኝ «ቅድሚያ ክፍያው ስንት ነው?» ብቻ ነው። ይህንን ማንኛውም አበዳሪ ይነግራችኋል፤ በኤፍኤችኤ (የፌዴራል መንግሥት ዋስትና ያለው የቤት ብድር) የክሬዲት ነጥባችሁ 580 እና ከዚያ በላይ ከሆነ 3.5 በመቶ ነው። እ.ኤ.አ. ከሜይ 25 ቀን 2025 ወዲህ ግን በሥራ ፈቃድ ብቻ ያለ ሰው ይህን ብድር አያገኝም።

የእቁብ ገንዘብ ካላችሁ ቀደም ብላችሁ ባንክ አስገቡት። አበዳሪው የሁለት ወር የባንክ መግለጫ ያያል፤ ድንገት የገባ ብዙ ብር ሲያገኝ ምንጩን ይጠይቃል፤ «እቁብ ደርሶኝ ነው» የሚለው መልስ ደግሞ አያጠግበውም። በግላችሁ የምትሠሩ ሾፌሮችም ስሙ፦ ግብር ስታስታውቁ ወጪ ደራርባችሁ ገቢያችሁን ካመነመናችሁ፣ አበዳሪው የሚቆጥርላችሁ ያንኑ የመነመነ ገቢ ነው። ለመንግሥት ድሃ፣ ለባንክ ሀብታም መሆን አይቻልም።

አሁን እኛን ወደ ጎዳን ነገር ልምጣ። ጆርጂያ ውስጥ የንብረት ግብር የሚሰላው ንብረቱ ጃንዋሪ 1 ቀን በነበረበት ሁኔታ ነው። በዚያ ቀን ቤቱ ገና ካልተሠራ የዚያ ዓመት ግብር የባዶ መሬቱ ብቻ ነው። የእኛም አበዳሪ (ቤት ሠሪው ኩባንያ ራሱ ያመጣልን ነበር) ወርኃዊ ክፍያችንን ያሰላው በዚሁ በመሬቱ ግብር ነው። ግብር የሚጣለው ካውንቲው ለንብረቱ በሚያወጣው የዋጋ ግምት 40 በመቶ ላይ ስለሆነ ልዩነቱን አስቡት፦ 80,000 ዶላር የተገመተ መሬት በ32,000 ይታሰባል፤ ቤቱ ቆሞ 400,000 ሲገመት በ160,000፤ አምስት እጥፍ ማለት ነው። ቀጥሎ ከብድር ድርጅቱ ደብዳቤ መጣ። የእስክሮው ሂሳባችሁ (ከወርኃዊ ክፍያችሁ ላይ ለግብርና ለኢንሹራንስ የሚጠራቀመው) ጎድሏል፣ ጉድለቱን በ12 ወር ትከፍላላችሁ፣ የሚቀጥለው ዓመት ግብርም በአዲሱ ልክ ይሰበሰባል ይላል። በአንድ ጊዜ ሁለት ጭማሪ! ስልክ ብንደውል ከአንዱ ወደ ሌላው ከማስተላለፍ በቀር የረዳን የለም፤ የሽያጭ ሠራተኛዋም ያ ሁሉ ፈገግታዋ ጠፋ። ለነገሩ እሷ የምትሠራው ለሻጩ ነው። ስለዚህ ከመፈረማችሁ በፊት «ግብሩ በቤቱ ሙሉ ዋጋ ሲታሰብ በወር ስንት እከፍላለሁ?» ብላችሁ በጽሑፍ ጠይቁ። ቁጥሩ ካስደነገጣችሁ ቤቱ አቅማችሁ አይደለም። አምስት መኝታ ቤት ለማን ነው? ለሠርግ እንግዳ?

አዲስ ቤት ነው ብላችሁም ቤቱን በባለሙያ ማስመርመሩን አትዝለሉ።

ጃንዋሪ 1 ቀን ቤቱ በስማችሁ ሆኖ የምትኖሩበት ከሆነ፣ ሆምስቴድ የሚባለውን የግብር ቅናሽ እስከ ኤፕሪል 1 ለካውንቲው አመልክቱ፤ ነፃ ነው። ካውንቲው በየዓመቱ የግምት ማስታወቂያ በፖስታ ይልካል፤ ግምቱ በዝቷል የምትሉ ከሆነ ይግባኝ የምትሉት በ45 ቀን ውስጥ ነው። ፖስታውን ሳትከፍቱ መሳቢያ ውስጥ ከርቸም አድርጋችሁት ቀኑ ካለፈ በኋላ እኔ ጋ አትደውሉ።