ግዮንግጁንና አንዶንግን ሲጎበኙ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የደቡብ ኮርያን ጥንታዊ ታሪክ ከነአፈሩ ማየት ለሚፈልግ ሰው ሰሜን ግዮንግሳንግን የሚያህል ክፍለ ሀገር የለም። ግዮንግጁ እስከ 935 (እ.ኤ.አ.) ድረስ ለሺህ ዓመት ገደማ የሺላ ነገሥታት መዲና ነበረች፤ አንዶንግ ደግሞ የኮንፊሽየስን ትምህርት የያዙ የመኳንንት ቤተሰቦች አገር ናት። ይህን ሁሉ ይዞ የሚጠብቅን ቦታ በጥቂት ስህተት ሳያዩት መመለስ ያሳዝናል።

የከተማዋን ስም ማምታታት

ግዮንግጁ፣ ጓንግጁ፣ ጎንግጁ። ለእኛ ጆሮ አንድ ናቸው፤ በካርታ ላይ ግን ይራራቃሉ። ጓንግጁ በደቡብ ምዕራብ ያለች ትልቅ ከተማ ስትሆን ሴኡል አጠገብም በዚሁ ስም የምትጠራ ሌላ ከተማ አለች። ጎንግጁ ደግሞ ራሷ የባኤክጄ መንግሥት መዲና ስለነበረች «የጥንቷ መዲና» ብሎ መጠየቅም አያድንም። ቲኬት ሲቆርጡ ስሙን በኮርያ ፊደል ስልክዎ ላይ ጽፈው ያሳዩ። የመሀል ከተማው አሮጌ ባቡር ጣቢያ በ2021 መጨረሻ ተዘግቷል። የፈጣኑ ባቡር ጣቢያ ከከተማው ወጣ ብሎ ነው፤ አሮጌ ጽሑፎች «ሺንግዮንግጁ» ይሉታል፣ አሁን ስሙ ግዮንግጁ ብቻ ነው። ከሴኡል ሁለት ሰዓት ያህል ይፈጃል፤ ከጣቢያው ወደ መሀል ከተማ ደግሞ አውቶቡስ ወይም ታክሲ ያስፈልጋል።

ሁሉንም በአንድ ቀን ለመጨረስ መሞከር

መቃብሮቹ፣ የቾምሶንግዴ የከዋክብት መመልከቻ፣ የዎልጂ ኩሬና ሙዚየሙ በእግር ይዳረሳሉ። የቡልጉክሳ የቡድሃ ቤተ መቅደስ ግን 15 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፣ የሶክጉራም ዋሻ ከዚያ በላይ ተራራው ላይ ነው፣ አንዶንግ ጭራሹን ሌላ ከተማ ነው። ለግዮንግጁ ሁለት ቀን፣ ለአንዶንግ አንድ ቀን ይያዙ። 10 እና 11 ቁጥር አውቶቡሶች አንዱን ዙር በተቃራኒ አቅጣጫ ይዞሩታል። ከመሀል ከተማ ወደ ቡልጉክሳ ፈጥኖ የሚያደርሰው 11 ነው፤ 10 በቦሙን ሐይቅ በኩል ይዞራል። ቁጥሩን ብቻ አይተው የተሳፈሩ ሰዎች ግማሽ ጠዋታቸውን የሚያጡት እዚህ ላይ ነው።

ሙዚየሙን ለመጨረሻ ማቆየት

ከስህተቶቹ ሁሉ የሚያስቆጨው ይህ ነው። ዎልጂን ቀድሞ ያየ ሰው ኩሬና ጥቂት ሰገነቶች ብቻ ያያል። በ1970ዎቹ ግን ይህ የሺላ ነገሥታት ግብዣ የሚያደርጉበት ኩሬ ተቆፍሮ ከጭቃው ውስጥ ከ30,000 በላይ ዕቃዎች ወጥተዋል። ከእነሱ መካከል 14 ፊት ያለው የእንጨት ዳይስ ነበር። በየፊቱ ለግብዣው ተጫዋቾች ትእዛዝ ተቀርጾበታል፦ አንዱ ሦስት ጽዋ በአንድ ትንፋሽ ጨልጥ ይላል፣ ሌላው ያለ ዘፈን ጨፍር ይላል። ዋናው ዳይስ ሲደርቅ በእሳት ተቃጥሏል፤ በሙዚየሙ የሚታየው ቅጂው ነው። ይህን ይዞ ማታ ኩሬው ዳር የቆመ ሰው የግብዣውን ሳቅ የሚሰማ ይመስለዋል። በሙዚየሙ ግቢ የተንጠለጠለውን በ771 የተሠራውን የንጉሥ ሶንግዶክ ደወልም አይለፉት፤ ክብደቱ 18.9 ቶን ነው። ኩሬው ጋ ፀሐይ ከመጥለቋ ግማሽ ሰዓት ቀድመው ይድረሱ፤ ብርሃኑ ውሃው ላይ የሚያርፈው ያኔ ነው።

መቃብሮቹን እንደ ኮረብታ ማየት

በዴሩንግዎን የመቃብር ስፍራ ያሉት አረንጓዴ ጉብታዎች ያምራሉ፣ ፎቶ ለመነሣት መውጣትም ያጓጓል። በሕግ የተከለከለ ነው። ሣሩ ሲረገጥ አፈሩ ይሸረሸራል፤ ከሥሩ ደግሞ የድንጋይ ክምር፣ ከድንጋዩም ሥር የንጉሡ የእንጨት ክፍል አለ። ውስጡን ለማየት በ1973 ወደተቆፈረው መቃብር ወደ ቾንማቾንግ ይግቡ።

ቡልጉክሳን በፎቶ ብቻ ማለፍ

ፊት ለፊት ያሉት የድንጋይ ደረጃዎች አይወጡም፤ መግቢያው በጎን ነው። ደረጃዎቹ ጋ ቆመው ግድግዳውን ከታች ወደ ላይ ያስተውሉ። የታችኞቹ ድንጋዮች እንደተፈጠሩ ናቸው፤ ከላያቸው ያሉት ጥርብ ድንጋዮች የታችኞቹን ጉብጠትና ስርጉድ ተከትለው ተቆርጠዋል። የእንጨቱ ሥራ በ16ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በጃፓን ወረራ ተቃጥሎ እንደገና የተሠራ ነው፤ ድንጋዩ ግን የ8ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ግቢው ውስጥ ካሉት ሁለት ግንቦች በጌጥ የተሞላው ዳቦታፕ በ10 ዎን ሳንቲም ላይ አለ።

ወደ ጸሎት ክፍል ሲገቡ ጫማ ያውልቁ፣ ይህ ለእኛ አዲስ አይደለም። ለብዙዎች አዲሱ መካከለኛው በር የመነኮሳት መሆኑ ነው፤ እርስዎ በጎን በር ይግቡ፣ ደፉንም አይርገጡ።

ሶክጉራም ውስጥ ግራናይቱን ቡድሃ የሚያዩት በመስታወት በኩል ነው፣ ፎቶም አይነሣም። በ1910ዎቹ ጃፓኖች ሲያድሱት በሲሚንቶ ስለሸፈኑት እርጥበት ገብቶበታል፤ መስታወቱ የተደረገው ለዚህ ነው። ከቡልጉክሳ በ12 ቁጥር አውቶቡስ ወይም በጫካው መንገድ በእግር አንድ ሰዓት ያህል ነው። አውቶቡሱ በየደቂቃው አይገኝምና የመመለሻውን ሰዓት ሲወርዱ ይመልከቱ።

ሀሆኤን እንደ ባዶ ሙዚየም መቁጠር

አንዶንግ አጠገብ ያለው ሀሆኤ መንደር ሰው የሚኖርበት ነው፤ የርዩ ቤተሰብ ለ600 ዓመት ያህል ኖሮበታል። የተዘጋ በር አይግፉ፣ በአጥር ላይ አሻግረው ፎቶ አይንሡ። የጭንብል ጭፈራው በየቀኑ ላይኖር ስለሚችል ቀኑን አስቀድመው ያረጋግጡ። ሲያዩም የባላባቱን ጭንብል ይከታተሉ፦ መንጋጋው የሚንቀሳቀስ ስለሆነ ጨፋሪው ቀና ሲል ይስቃል፣ ሲያጎነብስ ይቆጣል።

በበዓል መሄድ

በሶልላል (የጨረቃ አዲስ ዓመት) እና በቹሶክ (የመከር በዓል) የባቡር ቲኬት ያልቃል፣ ትናንሽ ምግብ ቤቶችም ይዘጋሉ። በዓላቱ በጨረቃ ስለሚቆጠሩ ቀናቸው በየዓመቱ ይለዋወጣል።

ቹንቾንን ከዚህ ጉዞ ጋር ማጣመር

የቃኘው ሻለቃ ዘማቾች መታሰቢያ ያለው በቹንቾን፣ በጋንግዎን ክፍለ ሀገር ነው። ብዙ ወገኖቻችን በመንገዳቸው ሊያዩት ያስባሉ፤ ግን ከሴኡል በሌላ አቅጣጫ፣ በሌላ ባቡር የሚኬድበት ነው። በ1968 የቆመውን ሐውልትና አጠገቡ ያለውን የመታሰቢያ አዳራሽ ሳይቻኮሉ ለማየት፣ ከግዮንግጁ ተመልሰው በማግስቱ ጠዋት ከሴኡል ይነሡ።