የሰው አገር ድብርት፦ ዋሽንግተንና አካባቢው ለገባ አዲስ ሰው

አሜሪካ የገባ ሰው የመጀመሪያዎቹን ወራት በሩጫ ያሳልፋል። ሶሻል ሴኩሪቲ፣ የባንክ ሂሳብ፣ መንጃ ፈቃድ፣ የልጆች ትምህርት ቤት፣ ሥራ ፍለጋ። ብዙ ሰው የሚወድቀው ግን ይሄ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው። ሥራው ተገኝቷል፣ የመጀመሪያው ገንዘብ ለቤተሰብ ተልኳል፣ ግን አንድ ጠዋት ከአልጋ መነሳት ያቅታል። አዲስ አበባ ላይ የራሱ ቢሮ የነበረው የሂሳብ ባለሙያ እዚህ ፓርኪንግ ውስጥ ቁልፍ ይቀበላል፤ መምህርት የነበረችው የአዛውንቶች መንከባከቢያ ውስጥ ሌሊት ትሠራለች። በስልክ ሲጠየቁ ሁለቱም "ደህና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን" ነው የሚሉት። ዲቪ ደርሶት መከፋት ምስጋና ቢስነት ስለሚመስል ለማንም አይነገርም።

ከዚህ በታች የተጻፈው በዋሽንግተን ዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ላለ ሰው ነው። አብዛኛው ግን ሲያትልም ሚኒያፖሊስም ላለ ይሠራል።

ድካም ነው ወይስ ድብርት?

ሐኪሞች የሚጠቀሙበት መለኪያ ሁለት ሳምንት ነው። ለሁለት ሳምንት ያህል፣ አብዛኛውን ቀን፣ ደስ የሚልዎት ነገር ከጠፋ ወይም ልብዎ ከከበደ፣ ከዚያም ላይ የእንቅልፍ፣ የምግብ ፍላጎት፣ የጉልበት ወይም የሐሳብ መሰብሰብ ችግር ከተጨመረ መታየት ያስፈልጋል። እኛ ዘንድ ድብርት ብዙ ጊዜ በሰውነት በኩል ነው የሚመጣው፦ ራስ ምታት፣ ጨጓራ፣ ማቃጠል፣ የጀርባ ሕመም። አንዳንዱ በጨጓራ ስም ዓመት ሙሉ ይመላለሳል።

ክሊኒክ ሲሄዱ ዘጠኝ ጥያቄ ያለበት አንድ ገጽ ወረቀት ይሰጥዎታል። ፒኤችኪው ናይን ይሉታል። እያንዳንዱ ጥያቄ ከ0 እስከ 3 ነጥብ አለው፣ ድምሩ እስከ 27 ይደርሳል፤ 10 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ሐኪሙ ጠበቅ አድርጎ ይጠይቃል። የአማርኛ ቅጂም አለው፣ አዲስ አበባ ላይ በጥናት ተፈትሿል፤ ስለዚህ በአማርኛ እንዲሰጥዎ ይጠይቁ። ወረቀቱን "ለወጉ ነው" ብለው ሁሉንም ዜሮ አይሙሉ። በተለይ ዘጠነኛው ጥያቄ ብሞት ይሻለኛል ወይም ራሴን ልጉዳ የሚል ሐሳብ መጥቶብዎት እንደሆነ ይጠይቃል። "አዎ" ማለት በቀጥታ ሆስፒታል ያስተኛል ማለት አይደለም። ተጨማሪ ጥያቄ ይከተላል፦ ዕቅድ አለ ወይ፣ ከማን ጋር ይኖራሉ፣ እቤት ውስጥ የጦር መሣሪያ ወይም የተጠራቀመ መድኃኒት አለ ወይ።

ሐሳቡ ቀጠሮ የማይጠብቅ ከሆነ 988 ይደውሉ። ከ2022 ጀምሮ በመላው አሜሪካ የሚሠራ፣ ቀንም ሌሊትም የሚመልስ፣ ነጻ መስመር ነው። ሰው ሲያነሳ "አምሃሪክ" ብቻ ይበሉ፣ አስተርጓሚ በስልክ ያስገባሉ። የጽሑፍ መልእክቱ ግን በእንግሊዝኛና በስፓኒሽ ብቻ ስለሆነ በአማርኛ መናገር የሚፈልግ መደወል አለበት። ሞንትጎመሪ ካውንቲ የሚኖር በማንኛውም ሰዓት 240-777-4000፣ ዲሲ የሚኖር 1-888-793-4357 መደወል ይችላል። ሰው አሁኑኑ ራሱን እየጎዳ ከሆነ 911 ነው። ለዘመድ ወይም ለክፍል ተጋሪ የሚሰጉ ከሆነ ደግሞ በግልጽ ይጠይቁት፦ "ራስህን ለማጥፋት አስበሃል?" ጥያቄው ሐሳቡን አይጨምርበትም። አብረውት ይሁኑ፤ መድኃኒቱንና መሣሪያውን ያርቁ።

መጀመሪያ የት?

ሳይካትሪስት (የአእምሮ ሐኪም) ለማግኘት ወራት ሊወስድ ይችላል። አዲስ ሰው መጀመሪያ የሚያንኳኳው በር፣ በኔ እምነት፣ የቤተሰብ ሐኪሙ ነው። የድብርት መድኃኒት ማዘዝ ይችላል፣ ከዚያም በላይ ድብርት የሚመስሉ ሌሎች ነገሮችን በደም ምርመራ ይለያል፤ የታይሮይድ ችግርና የደም ማነስ ሰውን በተመሳሳይ መንገድ ያደክማሉ።

ኢንሹራንስ የለኝም ብለው አይቅሩ። ኮሚዩኒቲ ሄልዝ ሴንተር የሚባሉት፣ የፌዴራል ድጋፍ ያላቸው ክሊኒኮች፣ መክፈል ባለመቻሉ ሰው አይመልሱም፤ ክፍያው በገቢ ልክ ይቀነሳል። የደመወዝ ደረሰኝና መታወቂያ ይዘው ይሂዱ። ሜዲኬይድን፣ ማለትም ገቢያቸው አነስተኛ ለሆነ የሚሰጠውን የመንግሥት የጤና ኢንሹራንስ፣ በተመለከተ ግሪን ካርድ የያዘ አዋቂ ባጠቃላይ 5 ዓመት መጠበቅ አለበት፤ ለልጆችና ለነፍሰ ጡሮች ብዙ ግዛቶች ይህን ስለሚያነሱ በየግዛቱ መጠየቅ ነው። አርሊንግተን ያለውና በ1983 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሚዩኒቲ ዴቨሎፕመንት ካውንስልም አዲስ መጤዎችን የሚያግዝ ድርጅት ስለሆነ የት መሄድ እንዳለብዎ መጠየቂያ ይሆናል።

ሐኪሙ ፊት የስሜቱን ስም ለማግኘት አይጨነቁ። የሚሆነውን ይናገሩ፦ ከሌሊቱ 9 ሰዓት እነቃለሁ፣ ከዚያ አልተኛም፤ ለሁለት ወር ቤተ ክርስቲያን አልሄድኩም፤ እናቴ ስትደውል አላነሳም። (ሰዓቱን ሲናገሩ በፈረንጁ መሆኑን አይርሱ፤ በኛ ሌሊት 9 ሰዓት ለነሱ 3 ነው፣ ቀጠሮም በዚሁ ይበላሻል።) በጦርነት ውስጥ አልፈው ከመጡ፣ ቅዠትና መባነን ካለብዎት፣ ይህንንም ይጨምሩ፤ ሕክምናው ይለያል።

አስተርጓሚ

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ብዙ ሰው የሚሰናከለው እዚህ ነውና። የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታልና ክሊኒክ ያለክፍያ አስተርጓሚ የማቅረብ ግዴታ አለበት፤ መሠረቱ የ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ ነው። ዲሲ ደግሞ በ2004 እ.ኤ.አ. ባወጣችው የቋንቋ ሕግ መሠረት የከተማው መሥሪያ ቤቶች አማርኛ ተናጋሪን ማስተናገድ አለባቸው። ቀጠሮ ሲይዙ "አምሃሪክ ኢንተርፕሪተር፣ ፕሊስ" ብለው ያስመዝግቡ። ኦሮምኛ ወይም ትግርኛ የሚቀልዎት ከሆነ እሱን ይጠይቁ፤ ሰው ሆዱን የሚከፍተው ባደገበት ቋንቋ ነው።

ልጅዎን አስተርጓሚ አያድርጉ። የ12 ዓመት ልጅ እናቱ መሞት እንደምትፈልግ ለሐኪም መተርጎም የለበትም፣ እናትም ልጇ ፊት እውነቱን አትናገርም። ባልም፣ ሚስትም፣ መኪና የሰጠዎት ጎረቤትም አይሁን። ከሁሉም የሚሻለው፣ ቅዝቃዜ ቢኖረውም፣ የስልክ አስተርጓሚ ነው፤ ሌላ ግዛት ቁጭ ብሎ ሊሆን ይችላል፣ ፊትዎንም አያይም። ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም አሌክሳንድሪያ የኖረ ሰው ለምን እንዲህ እንደምል ያውቃል፦ ቡና ቤቱም፣ እድሩም፣ ሰንበት ትምህርት ቤቱም አንድ ነው። ድምፁን ካወቁት ሌላ ሰው እንዲቀየርልዎ መጠየቅ ይችላሉ።

ምስጢሩስ? የ1996ቱ ሂፓ የሚባለው ሕግ ሐኪሙ ያለፈቃድዎ መረጃዎን ለአሠሪ እንዳይሰጥ ይከለክላል። ልዩ ሁኔታዎች አሉት፤ ዋናዎቹ በራስ ወይም በሌላ ሰው ሕይወት ላይ ያለ አደጋና በልጅ ላይ የሚደርስ ጥቃት ናቸው። ለድብርት መታከም በራሱ ዜግነት አያስከለክልም። የግሪን ካርድ ማመልከቻዎ ገና በሂደት ላይ ከሆነና ካሰጋዎት የኢሚግሬሽን ጠበቃ ይጠይቁ እንጂ የታክሲ ወሬ አይስሙ።

መድኃኒት፣ ጠበል፣ ጾም

ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚታዘዙት እንደ ሰርትራሊንና ፍሉኦክሰቲን ያሉ ናቸው፤ በጄኔሪክ (ያለ ንግድ ስም) ስለሚሸጡ ዋጋቸው ያን ያህል አይጎዳም። በሁለተኛው ቀን ለውጥ አይጠብቁ፤ ከሁለት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈጃሉ። ማቅለሽለሽ፣ ራስ ምታትና የእንቅልፍ መዛባት ግን ቀድመው ይመጣሉ፣ ብዙ ሰውም በዚያው ይተወዋል። ከ25 ዓመት በታች የሆነ ሰው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ራስን የመጉዳት ሐሳብ ሊጨምርበት ስለሚችል የቅርብ ክትትል ያስፈልገዋል። የትዳር ስሜትም ሊቀንስ ይችላል፤ አፍረው ዝም ካሉ ሐኪሙ አያውቅም፣ ከነገሩት ግን መጠኑን ወይም መድኃኒቱን ይቀይራል። ሲሻልዎት በገዛ እጅዎ አያቋርጡ።

ጠበልና መድኃኒት አይጣሉም። አቡነ ጳውሎስ በ2007 እ.ኤ.አ. የኤችአይቪ ሕሙማን መድኃኒታቸውን ከጠበል ጋር አብረው እንዲወስዱ ማሳሰባቸው ይታወሳል፤ ለድብርትም ነገሩ ያው ነው። "እምነት ካለህ ኪኒኑን ጣለው" የሚል ሰው ከየትኛውም እምነት ቢመጣ አይስሙት። ጾም ላይ ከሆኑ ለሐኪምዎ ይንገሩ፣ ለነፍስ አባትዎም ይንገሩ። በረመዳን ለሚጾም ሰው በቀን አንዴ የሚወሰድ መድኃኒት ብዙ ጊዜ ከኢፍጣር በኋላ ሊደረግ ይችላል፤ ሐኪሙን ሳይጠይቁ ግን ሰዓት አይቀይሩ።

ስለ ክረምቱም አንድ ነገር። በታኅሣሥ ዲሲ ላይ ቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ገደማ ብቻ ነው፣ ሲያትል ደግሞ ከዚያም ያንሳል። ዓመቱን ሙሉ አሥራ ሁለት ሰዓት ገደማ ብርሃን ለለመደ ሰው፣ ሌሊት ሠርቶ ቀን ለሚተኛማ፣ ይህ ቀላል አይደለም። ከሥራ ሲወጡ ፀሐይ ካለች ግማሽ ሰዓት ይራመዱ። 10,000 ሉክስ (ሉክስ የብርሃን መለኪያ ነው) የሚሉት መብራት ጠዋት ለግማሽ ሰዓት ያህል ከፊት ሲቀመጥ ብዙ ሰውን ይረዳል፤ የዓይን ችግር ካለ ግን መጀመሪያ ይጠይቁ።

ቴራፒስትም (በንግግር የሚያክም ባለሙያ) ይጠይቁ፤ በዚህ አካባቢ አማርኛ ተናጋሪዎች አሉ። በቪዲዮ ከሆነ ባለሙያው ባጠቃላይ እርስዎ ባሉበት ግዛት ለመሥራት ፈቃድ ያለው መሆን አለበት፤ ቨርጂኒያ ሆነው የሜሪላንድ ፈቃድ ብቻ ያለውን ከያዙ ላይሆን ይችላል። ከሁለት ሦስት ቀጠሮ በኋላ ካልተግባባችሁ መቀየር ነውር አይደለም። ቀጠሮው ከሁለት ወር በኋላ ነው ከተባሉም ይቀበሉት፣ ግን ሰው ሲሰርዝ እንዲደውሉልዎ በተጠባባቂ ዝርዝር ይመዝገቡ፤ ስልክዎ ከማያውቁት ቁጥር ሲጠራም ያንሱት፣ ክሊኒኩ ሊሆን ይችላል።