አበባው እየሞተ ካስቸገራችሁ መጀመሪያ ዶማ አምጡ

በሳምንት አንድ ሁለቴ ስልኬ ላይ ፎቶ ይመጣል። ቢጫ የሆነ ጽጌረዳ፣ አንገቱን የደፋ ዳሊያ፣ ቅጠል ብቻ የሆነ ጀራኒየም። ከፎቶው ሥር "ምን መድኃኒት ልግዛ?" የሚል ጥያቄ አለ። መልሴ ሁሌም አንድ ነው። "ቆፍሩና የጉድጓዱን ፎቶ ላኩልኝ።"

አዲስ አበባ ውስጥ በትናንሽ ግቢዎች አበባ ስተክል ዓመታት ተቆጥረዋል። አብዛኞቹ 3 በ4 ሜትር፣ ቢበዛ 5 በ6 ናቸው። ሰው የሚፈልገው እናቱ ግቢ የነበረውን ነው፤ ጽጌረዳው ከጤና አዳም፣ ዳሊያው ከበሶብላ፣ ጠጅ ሳሩ ከጥግ፣ ሁሉም ተደበላልቆ ቀለም በቀለም የሆነ። ቦታ ማነሱ ችግር ሆኖ አያውቅም። ችግሩ ከሥር ነው። ማጠጣት፣ ማረም፣ የደረቀ አበባ መቁረጥ ታውቃላችሁ ብዬ እሱን እዘለዋለሁ።

ምልክት፦ ቅጠሉ ቢጫ፣ የቅጠሉ ጅማት ግን አረንጓዴ፤ ተክሉ ከተተከለበት ቁመት ፈቀቅ አይልም

ከ10 ግቢ በሰባቱ የማገኘው ይሄን ነው። ስለዚህ ረዘም አድርጌ ላውራው።

ቤት ሲሠራ ግንበኛው ሲሚንቶ የሚያቦካበት ቦታ ያስፈልገዋል። የት ያቦካል? ነገ አበባ የሚተከልበት ቦታ ላይ! ሥራው ሲያልቅ የተረፈው ሲሚንቶ፣ ኖራው፣ ጀሶው፣ የብሎኬቱ ስባሪ፣ ሴራሚኩ፣ ሽቦው፣ የሲሚንቶው ወረቀት ሁሉ እዚያው ይቀራል። ላዩ ላይ ገረጋንቲ ይደፋል። ከዚያ ርክክቡ ሊደርስ ሲል አንድ ስንዝር ቀይ አፈር ይበተንበታል። ባለቤቱ ሲመጣ የሚያየው ውብ ቀይ አፈር ነው።

አያት አካባቢ አንዲት ጡረተኛ እናት ነበሩ። ጽጌረዳ ሦስት ጊዜ ተክለው ሦስት ጊዜ ሞቶባቸዋል። የፈንገስ መድኃኒት ገዝተዋል፣ የትል መድኃኒት ገዝተዋል፣ ጎረቤት "ዓይን ነው" ብሏቸው ጠበል ሁሉ ረጭተዋል። ስደርስ "ልጄ፣ አፈሩ ጥሩ ነው፤ እኔ ራሴ አስመጥቼ ነው ያስደፋሁት" አሉኝ። ዶማውን አነሳሁ። የመጀመሪያው ምት ገባ። ሁለተኛው ምት "ቋ!" ብሎ ክንዴን አስነዘረኝ። አፈሩን በእጄ ጠረግ ጠረግ ሳደርገው ከሥሩ የጠረጴዛ ያህል የደረቀ ሲሚንቶ ተንጣሏል፤ የአካፋው ፈለግ ሳይቀር ታትሞበታል። ጽጌረዳዎቹ የተተከሉት ማቡኪያው ላይ ነበር። እትዬ ትንሽ ዝም ብለው አዩትና "እኔ እኮ ግንበኛውን ምሳ ሁሉ አበላው ነበር" አሉ።

ቅጠሉን የሚያገረጣው ኖራው ነው። ሲሚንቶና ኖራ አፈሩን አልካላይን፣ ማለትም የአሲድ ተቃራኒ፣ ያደርጉታል። እንዲህ ያለ አፈር ውስጥ ብረት ቢኖር እንኳ ሥሩ መውሰድ አይችልም። ብረት ያጣ ቅጠል ደግሞ በጅማቶቹ መሀል ይገረጣል፤ መጀመሪያ የሚገረጡትም ከላይ ያሉት ለጋ ቅጠሎች ናቸው። ከታች ያሉት አሮጌ ቅጠሎች ቀድመው ከገረጡ ችግራችሁ ሌላ ነው፤ ወደሚቀጥለው ምልክት እለፉ።

ለማረጋገጥ ላቦራቶሪ አያስፈልግም። ከአንድ ስንዝር ጥልቀት አንድ ማንኪያ አፈር አውጡ። ሳህን ላይ አድርጉና ትንሽ አቸቶ ጠብ አድርጉበት። ፊሽ ብሎ አረፋ ካወጣ ኖራ አለበት። ዝም ካለ ከዚህ ስጋት ነፃ ናችሁ። ሁለት ሦስት ቦታ ሞክሩት፤ ግንበኛ አንድ ቦታ ብቻ አያቦካም።

መፍትሄው ማውጣት ነው። ሌላ የለውም። ማዳበሪያ አይፈታውም፣ መድኃኒት አይፈታውም፣ "ትንሽ ብስባሽ ልጨምርበት" አይፈታውም። ዶማ ካልበገረው ድጅኖ አምጡ። ለጽጌረዳ እስከ 50 ሴንቲ ሜትር አውጡ፤ ለጀራኒየምና ለማሪጎልድ 30 ይበቃል። ጓንት አድርጉ። ሚስማርና የተሰበረ ሴራሚክ አለበት፤ እኔ በአውራ ጣቴ ተምሬያለሁ። ያወጣችሁትን ደግሞ ቱቦ ውስጥ አትድፉ። ክረምት ሲመጣ የሚዘጋው የእናንተው በር ላይ ነው።

ማውጣት ካልተቻለ፣ ለምሳሌ ኮንዶሚኒየም ምድር ቤት ሆኖ ከሥሩ የፍሳሽ መስመር ካለ፣ ላዩ ላይ በድንጋይ መደብ አንሱ። ኖራ ያለበት ጠርዝ ላይ ጤና አዳምና የጥብስ ቅጠል ትከሉ። እነሱ ኖራ አይፈሩም።

አሁን ስለምትተኩት አፈር። በማዳበሪያ የሚሸጥ አፈር ማለት ማዳበሪያ ያለው አፈር ማለት አይደለም! ይሄን በር ላይ ለጥፉልኝ። በመኪና የሚመጣው "ምርጥ ቀይ አፈር" ብዙ ጊዜ የሆነ ሕንፃ መሠረት ሲቆፈር ከሦስት ሜትር የወጣ ነው። ቀለሙ ደስ ይላል እንጂ ውስጡ ሕይወት የለም። ከመግዛታችሁ በፊት አንድ እፍኝ አንሱና አሽትቱ። ጥሩ አፈር ዝናብ እንደመታው ጫካ ይሸታል። ምንም የማይሸት ከሆነ ሻጩን አመስግናችሁ ሸኙት። ሁለት እጅ አፈር ላይ አንድ እጅ የበሰለ ብስባሽ አድርጉ። የበሰለ አልኩ። ትኩስ ፍግ ሥር ያቃጥላል።

ምልክት፦ አፈሩ እርጥብ ነው፣ ተክሉ ግን ጠውልጓል

ይሄ የቦሌ፣ የሲኤምሲ፣ የአቃቂ በሽታ ነው። ወደ ጉለሌና እንጦጦ በኩል ቀይ አፈር ስለሚበዛ እምብዛም አላየውም።

ምክንያቱ መረሬ የሚባለው ጥቁር አፈር ነው፤ ዋልካም በሉት። በበጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል። በክረምት ያብጥና ውሃውን አላሳልፍ ይላል። ሥር ደግሞ አየር ይፈልጋል። አየር ሲያጣ ይበሰብሳል፣ የበሰበሰ ሥር ውሃ አይስብም፣ ተክሉ ውሃ ውስጥ ቆሞ ይጠማል። ባለቤቱ መጠውለጉን ያይና ውሃ ይጨምራል። ኧረ ተው!

ሥሩን ነቅላችሁ እዩት። ነጭና ጠንካራ ከሆነ ደህና ነው። ቡኒ ሆኖ በጣት ሲይዙት ቆዳው እንደ ካልሲ ከወለቀ፣ ጉድጓዱም የበሰበሰ እንቁላል ከሸተተ፣ አልቆለታል።

መፈተኛው ቀላል ነው። 30 ሴንቲ ጥልቀት ያለው ጉድጓድ ቆፍራችሁ ውሃ ሙሉት። ሲመጥ እንደገና ሙሉትና በእንጨት ለኩ። በሰዓት ሁለት ሦስት ሴንቲ ካልወረደ ጽጌረዳ እዚያ አይኖርም። አንድ ግቢ ማታ የሞላሁት ጉድጓድ ጠዋት ስመለስ ወፍ ይጠጣበት ነበር።

መፍትሄው ከፍ ማድረግ ነው። ሸዋ ውስጥ እነዋሪ አካባቢ ያሉ ገበሬዎች ይሄን ድሮ ጨርሰውታል፤ መረሬ መሬታቸውን በእጃቸው መደብ መደብ ያደርጉና በመካከሉ ባለው ቦይ ውሃውን ያጠነፍፋሉ። ለትንሽ ግቢም ያው ነው። መደቡን 30 ሴንቲ ከፍ አድርጉ፣ መተላለፊያውን ዝቅ አድርጉ፣ ቦዩ ወደ ግቢው መውጫ ይዘንብል። ወደ ጎረቤት አታዘንብሉት፤ በዚህ ምክንያት ሽማግሌ የተቀመጠበት ሰፈር አውቃለሁ። አሸዋ መጨመር ይረዳል የሚሏችሁን አትስሙ። አንድ ሁለት ጋሪ አሸዋ ለመረሬ ምኑም አይደለም። ብስባሽ ነው የሚያላላው፣ እሱም በየዓመቱ።

ምልክት፦ ስትገዙት ያማረ ነበር፣ በሁለት ሳምንት ሞተ

ወይ ላስቲኩ፣ ወይ ሻጩ።

ችግኙ የመጣበትን ጥቁር ላስቲክ ሳያወልቁ የሚተክሉ አሉ። አዎ፣ አሉ። "ሥሩ እንዳይጎዳ ብዬ ነው" ይሉኛል። ከሁለት ዓመት በኋላ የነቀልኩት ቡገንቪሊያ ሥሩ ላስቲኩ ውስጥ እንደ ሹሩባ ተጎንጉኖ ነበር። ላስቲኩን በምላጭ ከላይ እስከ ታች ቅደዱ። ክብ የዞረ ሥር ካለ በጣታችሁ አላቁት።

የሻጩ ተንኮል ደግሞ ይሄ ነው። ትናንት ከመሬት የተነቀለ ወይም የተሰካ ቅርንጫፍ ዛሬ ላስቲክ ውስጥ አፈር ተደርጎበት ይሸጣል። አበባው ፈክቷል፣ ሥር የለውም። ከመግዛታችሁ በፊት ግንዱን ይዛችሁ በቀስታ ወደ ላይ ሳብ አድርጉት። ከነአፈሩ ከተነሳ ግዙ። ብቻውን ከተነቃነቀ ተዉት። ሻጩ ከተቆጣ ደግሞ መልሳችሁን አገኛችሁ።

ምልክት፦ ቅጠሉ ደን ነው፣ አበባ የለም

መጀመሪያ ጓዳችሁን እዩ። ዩሪያ አለ? ዩሪያ 46 በመቶው ናይትሮጅን ነው፤ ለቅጠል እንጂ ለአበባ አይደለም። አንድ ወዳጄ ከአገር ቤት አስመጥቶ ዳሊያው ላይ በእፍኝ በተነው። ዳሊያው አጥሩን አልፎ ጎረቤት ማየት ጀመረ። አበባው ሁለት። እኔ ለአበባ ዩሪያ ጭራሽ አልጠቀምም።

ዩሪያ ከሌለ ጥላ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ 9 ዲግሪ ወደ ሰሜን ናት። ስለዚህ ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ገደማ የቀትር ፀሐይ በሰሜን በኩል ታልፋለች። በቀሪው ጊዜ በደቡብ። በታኅሣሥ አጋማሽ 2 ሜትር ተኩል የሆነ የደቡብ አጥር ቀትር ላይ 1 ሜትር ከ60 ገደማ ጥላ ወደ ግቢው ይጥላል። በሰኔ ተክላችሁ "ፀሐይ አለው" ያላችሁት መደብ በታኅሣሥ ጨለማ ሊሆን ይችላል። ፀሐይ ወዳዶቹን፣ ማለትም ጽጌረዳን፣ ዳሊያን፣ ኮስሞስን፣ በሰሜኑ አጥር ሥር አድርጉ። የደቡቡን ጥግ ለናናና ለፈርን ተዉላቸው። ጎረቤት ፎቅ ከሠራ ግን እኔም ምንም የምለው የለኝም።

ሌሎች፣ በአጭሩ

ጽጌረዳ ላይ በክረምት ጥቁር ክብ ነጠብጣብ ወጥቶ ቅጠሉ ከረገፈ ፈንገስ ነው። የረገፈውን ልቀሙና ከግቢ አውጡ፤ ብስባሽ ውስጥ አትጨምሩ። ውሃ ከሥር እንጂ ከላይ አታጠጡ። በመካከላቸው 60 ሴንቲ ተዉ፣ አየር ይግባ።

በበጋ ቅጠሉ ዱቄት የተነሰነሰበት ከመሰለ አመዳይ የሚባለው የፈንገስ በሽታ ነው። የተያዘውን ቆርጣችሁ ጣሉ።

ለጋ ጫፉ ላይ የተሰበሰቡት ጥቃቅን ነፍሳት ክሽክሽ ናቸው። ውሃ በኃይል ርጩበት፣ በሦስተኛው ቀን ድገሙት። ጥቁር ነጠብጣብ ያለው ትንሽ ቀይ ጥንዚዛ ካያችሁ አትግደሉ፣ እሱ የእናንተ ወገን ነው። ለእህል የተገዛ መድኃኒት በለስላሳ ጠርሙስ ቀድቶ ያመጣላችሁን ሰው ከነጠርሙሱ መልሱት። ይሄን በቀልድ አትውሰዱት፤ ልጆች ያሉበት ግቢ ነው። ጤና አዳሙ ደግሞ ቡና ውስጥ የሚገባ ነው።

አንድ ቦታ ብቻ ክብ ሆኖ ከደረቀ ቅዳሜ ቅዳሜ ማን ምን እንደሚደፋ ጠይቁ። በረኪና ያለበት የልብስ ውሃ ነው የሚሆነው።

በአንድ ሌሊት ጫፉ ከጠቆረ፣ ወሩም ኅዳር ወይም ታኅሣሥ ከሆነ፣ ውርጭ ነው። ማታ በአሮጌ አንሶላ ሸፍኑት፣ ጠዋት ግለጡት። ፌስታል አይሆንም።

ተክሉ ቆሞ ሳለ ሥሩ ከተበላ ፍልፈል ነው። እድላችሁ ነው።

አደይ አበባ ደግሞ በመስከረም ነቅላችሁ አምጥታችሁ አትትከሉ፤ ይሞታል። በየዓመቱ የሚጠይቀኝ አይጠፋም። በጥቅምት አበባው ሲደርቅ ጥቁሩን ዘር ልቀሙ፣ ወረቀት ውስጥ አስቀምጡ፣ በሰኔ ዝናቡ ሲጀምር ባዘጋጃችሁት መደብ ላይ በትኑና በመጥረጊያ ላዩን ነካ ነካ አድርጉት።