ሰንጢ አሳሳልና ጥገና

ሰንጢ ቶሎ የሚያልቀው ብዙ ስለቆረጠ አይደለም፤ ያለልክ ስለተሳለና ማጠፊያው ያለልክ ስለጠበቀ ነው። ድንጋይ የበላው ብረት አይመለስም። ስለዚህ ትንሽ ነክተው ይመርምሩ፣ ካልበቃ ይድገሙ።

ሲገዙ መጀመሪያ መታየት ያለበት ማጠፊያው ነው። ሰንጢውን ከፍተው ብረቱን ጫፉ አጠገብ ከሁለት ጎን በጣት ይያዙና ወደ ግራና ቀኝ ያወዛውዙት፤ ከተነቃነቀ ይተዉት። ሲታጠፍም በእጀታው መሃል መግባት አለበት። መቆለፊያ የሌለው ሰንጢ ክፍት የሚቆየው በጀርባው ባለው ሞላ ግፊት ብቻ ስለሆነ፣ በጫፉ ከወጉበት ጣት ላይ ይዘጋል። የማይዝግ የሚባለው ብረት ቢያንስ 10.5 በመቶ ያህል ክሮሚየም አለው፤ እሱም ጨዋማ እርጥበት ውስጥ ከተረሳ ይዝጋል። የካርቦን ብረት ቶሎ ይዝጋል፣ ግን ድንጋይ ላይ በቀላሉ ይሳላል። ከተጠቀሙ በኋላ ሁልጊዜ የሚጠርጉት ከሆነ የካርቦኑን ይምረጡ።

ማዕዘኑን መያዝ

ለኪስ ሰንጢ በእያንዳንዱ ጎን 20 ዲግሪ አካባቢ ጥሩ ነው። ከጀርባው እስከ ስለቱ ያለውን ወርድ በማስመሪያ ይለኩና ለ3 ያካፍሉ፤ ጀርባውን ከድንጋዩ ላይ በዚያ ልክ ከፍ ያድርጉት። ወርዱ 18 ሚሊ ሜትር ከሆነ ከፍታው 6 ሚሊ ሜትር ነው፤ 19.5 ዲግሪ ያህል ይሰጣል። ለ4 ካካፈሉት 14.5 ይሆናል፤ ስለቱ ይበልጥ ስል ይሆናል፣ ጠንካራ ነገር ሲነካ ግን ይሸረፋል። እጅዎ ከፍታውን እስኪለምድ በዚያ ውፍረት የተቆረጠ እንጨት ከጀርባው ስር አስገብተው ይለኩ።

ከዚያ የስለቱን ጠርዝ በማርከር ያጥቁሩት። ድንጋዩ ላይ ሁለት ጊዜ ብቻ አስኪደው ይመልከቱ። ቀለሙ የለቀቀው ወደ ጀርባው በኩል ብቻ ከሆነ ዝቅ አድርገው ይዘዋል፤ የለቀቀው ከጠርዙ ጫፍ ላይ ብቻ ከሆነ ከፍ አድርገዋል። ሙሉ በሙሉ ሲለቅ ልኩን አግኝተዋል።

ድንጋዩ ላይ

ለተሸረፈ ስለት 400 ቁጥር፣ ለተለመደው መደንዘዝ 1000፣ ለማጠናቀቂያ 3000 ቁጥር ድንጋይ ይበቃል፤ ቁጥሩ ሲጨምር ድንጋዩ ይልማል። ድንጋዩ የሚሠራው በውሃ ወይም በዘይት ረጥቦ ነው። አንዴ ዘይት የጠጣ ድንጋይ ወደ ውሃ አይመለስም፤ ከሁለቱ አንዱን መርጠው በዚያው ይጽኑ።

ከአንዱ ጎን ይጀምሩ። ስለቱን ወደፊት አድርገው፣ ከድንጋዩ ላይ ስስ ልጣጭ እንደሚያነሱ ሁሉ፣ ከእጀታው አጠገብ ጀምረው እስከ ሹሉ ይግፉት። ስለቱ ወደ ሹሉ ስለሚጎብጥ እዚያ ሲደርሱ እጀታውን ትንሽ ያንሱ። ሹሉ ከድንጋዩ ዳር ሳይወድቅ ያቁሙ፤ አለዚያ ይዶለዱማል።

ከተወሰነ ምልልስ በኋላ በተቃራኒው ጎን ጠርዝ ላይ ለዓይን የሚያስቸግር ስስ የብረት ክር ይወጣል። አውራ ጣትዎን ከጀርባው ወደ ስለቱ፣ ወደ ውጭ፣ በቀስታ ያንሸራቱ፤ ቆዳን ያዝ የሚያደርግ ሻካራነት ይሰማዎታል። ጣትን በስለቱ ርዝመት ማስኬድ ግን ፈጽሞ አይገባም። ክሩ ከዳር እስከ ዳር ሳይወጣ ሰንጢውን አይገልብጡ። “ብስለው ብስለው አልሳል አለኝ” የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ ይመጣል፤ ሁለቱ ጎኖች ጠርዙ ላይ ገና አልተገናኙም።

ክሩ ሲወጣ ገልብጠው ሌላውን ጎን እንዲሁ ያድርጉ። ቀጥለው አንድ ጊዜ በዚህ፣ አንድ ጊዜ በዚያ እያሉ፣ ሳይጫኑ፣ በየጎኑ 10 ጊዜ ያህል ያስኪዱት። በመጨረሻ በተወጠረ የቆዳ ቀበቶ ሻካራ ጎን ላይ ጀርባውን አስቀድመው 15 ወይም 20 ጊዜ ይጎትቱ፤ ስለቱ ከቀደመ ቆዳውን ይቆርጠዋል። ይህ የቀረውን ክር ያነሳል። ክሩ ከቀረ ሰንጢው መጀመሪያ እንደ ምላጭ ይቆርጥና ብዙም ሳይቆይ ይደነዝዛል፤ ክሩ ታጥፎ ስለቱን ስለሚሸፍነው ነው።

በሞተር የሚዞር ደረቅ ድንጋይ ላይ አይሳሉት። ጠርዙ ስስ ስለሆነ በቅጽበት ይግላል። ሰማያዊ የሆነ ቦታ ጥንካሬውን አጥቷል፤ ያ ክፍል ተበልቶ እስኪያልቅ ስለት አይዝም።

ማጠፊያውና እጀታው

መቆለፊያው በደንብ ካልገባ ከመፍታትዎ በፊት ያጽዱት፤ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የኪስ ብናኝ ነው። ለብ ባለ ውሃና ሳሙና በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ይፈትጉ፣ ውሃው ውስጥ ደጋግመው ይክፈቱ ይዝጉ፣ በደንብ ያድርቁ፣ ማጠፊያው ላይ አንድ ጠብታ የስፌት መኪና ዘይት ያድርጉ። የምግብ ዘይት እየቆየ እንደ ሙጫ ስለሚጣበቅ አይሆንም። ምግብ የሚቆርጡበት ከሆነ ለምግብ የተፈቀደ የማዕድን ዘይት ይጠቀሙ።

በብሎን የተያያዘ ማጠፊያ ሲላላ በልኩ ካቻቪቴ የዙሩን 1/8 ብቻ አጥብቀው ይሞክሩ። በሪቬት (ሁለቱም ራሱ ተቀጥቅጦ በተዘረጋ ሚስማር) የተያያዘው ሲላላ ግን አንዱን ራስ ወፍራም ብረት ላይ አስደግፈው የሌላውን ዳር ዳር በትንሽ መዶሻ ሁለት ሦስቴ መታ መታ ያድርጉ፣ ከፍተው ይሞክሩ፣ ይድገሙ። ከለስላሳ መጠጥ ጣሳ የተቆረጠ ስስ ቆርቆሮ በብረቱና በእጀታው መሃል አስገብተው ቢመቱ፣ ቆርቆሮው ሲወጣ የምታስፈልገው ክፍተት ትቀራለች።

እንደ ኦፒኔል (የፈረንሳይ ሰንጢ ነው) ያለ የእንጨት እጀታ ውሃ ሲጠጣ አብጦ ብረቱን ይይዘዋል። በግድ አይጎትቱት፤ ጥላ ውስጥ ለጥቂት ቀናት ይድረቅ፣ ከዚያ የተልባ ዘይት በስሱ ይቀቡት። የቀቡበት ጨርቅ ተጠቅልሎ ከተቀመጠ በራሱ ሊቀጣጠል ስለሚችል ዘርግተው ያድርቁት።

ሹሉ ከተሰበረ ከጀርባው በኩል ይሞርዱ እንጂ ከስለቱ በኩል አይደለም። ከስለቱ በኩል ሲሞረድ ሹሉ ወደ ጀርባው ይጠጋል፤ ሰንጢው ሲታጠፍም ከእጀታው ብቅ ብሎ ኪስና ጣት ይወጋል።

የተሰበረ ሞላ አይበየድም። የብየዳው ሙቀት የመለጠጥ ኃይሉን ስለሚያጠፋው በአዲስ መተካት ብቻ ነው የሚያዋጣው።